የወይዘሮ በቀለች ባትሪ

ለተከበሩ አቶ ዓባይነህ
የአዲስ ጮራ ሲኒማ አዳራሽ ኃላፊ
ዳንግላ

ጉዳዩ፦ በአዳራሽዎ ውስጥ በስልክ እየጮህኩ ሳወራ ስላልተባረርኩ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ስልክ በትከሻ ደግፎ ከመዋል ብዛት ወደ አንድ ወገን ያዘነበለው አንገትዎ፣ መስታወት ሲፈትግ የሚውለው አውራ ጣትዎ፣ ከእኛ ከባለጉዳዮች በቀር የሁሉንም ሰው ድምፅ የሚሰማው ጆሮዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ በበኩሌ አላህ ይመስገን፣ ከእንቅልፍ ማጣትና ከሐፍረት በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም። የሁለቱም መድኃኒት ከእርስዎ ዘንድ እንደሚገኝ ስለተረዳሁ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ይህን የምጽፍልዎ እኔ ሙእሚን ከቢር ነኝ። ከገበያው ዳር የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለኝ፣ ለአዳራሽዎ ጣሪያ ቆርቆሮ የሰጠሁ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮም በመጣሁ ቁጥር የክብር እንግዳ እየተባልኩ በፊተኛው ረድፍ ከጎንዎ የምቀመጠው ሰውዬ ነኝ። ደብዳቤውን አሽጌ በጸሐፊዎ በኩል ልልክልዎ እችል ነበር። ነገር ግን ጥፋቱ የተሠራው በሕዝብ ፊት ስለሆነ፣ ምስጋናውም በሕዝብ ፊት ቢሆን ይሻላል ብዬ በግልጽ ጻፍኩት። ባለቤቴ አፊያ፣ ሰው ገመናውን አደባባይ ያሰጣል ወይ ብላ ጠይቃኛለች። ያሰጣል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብያለሁ።

በዕለቱ ላልነበረ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሽዎ አንድ ፊልም ታይቶ ነበር። የሠሩት እንጅባራ የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሲሆኑ፣ ጉዳዩም ባጃጅ ከሥራ እያስወጣቸው ስላሉት የከተማችን ባለጋሪዎች ነው። ተዋናይ አልፈለጉም፤ እውነተኞቹን ባለጋሪዎች ነው የቀረጹት። ከእነሱ አንዱ ይሄነው ይባል ነበር። ለመደብሬ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሲያመላልስ የኖረ፣ ቁመቱ ረጅም፣ ሳቁ ከፈረሱ ኮቴ ቀድሞ የሚሰማ ልጅ ነበር። ነበር ያልኩት፣ ፊልሙ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ባለፈው ክረምት ታሞ ስለሞተ ነው። እኔም አዘና ሩቅ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው እያልኩ ለቅሶውን ሳልደርስ ቀረሁ።

እናቱ ወይዘሮ በቀለች የሚኖሩት ከአዘና ወዲያ ገጠር ነው። ከልጃቸው የቀራቸው ፎቶግራፍ የመታወቂያው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ላይ ይሄነው እንደማናችንም የመታወቂያ ፎቶ የተቆጣ ይመስላል። ከፊልም ሠሪዎቹ አንዷ፣ የምሥራች የምትባል ተማሪ፣ እቤታቸው ድረስ ሄዳ፣ ይምጡና ልጅዎን በቁመቱ ልክ ሲስቅ ያዩታል ብላ ጠራቻቸው። እሳቸውም አምነው መጡ። ልጃቸውን ግን ሳያዩ ተመለሱ፤ ሳያዩ የተመለሱትም በእኔና በእርስዎ ምክንያት ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ መክፈቻ ንግግርዎ።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት መድረክ ላይ ወጥተው፣ በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ስልክ ማጥፋት የሥልጣኔ ምልክት መሆኑን ሲያስረዱን ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። በዚያው ንግግር መካከል የራስዎ ስልክ ሲጮህ ግን፣ ማይክሮፎኑን ከአፍዎ እንኳ ሳያርቁ አንስተው፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ግን ተናገር ግድ የለም ማለትዎ ከንግግሩ ሁሉ በለጠ። እኛ ደግሞ ከተነገረን ይልቅ ያየነውን የምንይዝ ሰዎች ነን። ለማጥፋት ስልኩን አውጥቶ የነበረው ሁሉ እንደበራ መልሶ ኪሱ ከተተው። እኔም አንዱ ነበርኩ። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደርሳ ነበር። ያኔ ተጭኛት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ እያልኩ ጣቴን ሳያት እውላለሁ፤ ጣት ምን ታደርግ፣ ባለቤቷ ነው እንጂ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ክንድዎ።

መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀመር፣ እርስዎ ስልክዎን ከፍ አድርገው ይዘው ፊልሙን ለፌስቡክ ተከታዮችዎ በቀጥታ ያስተላልፉ ስለነበር፣ ከኋላችን የተቀመጠው ሕዝብ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም የማየት ዕድል አገኘ፤ ትልቁን በሸራው ላይ፣ ትንሹን በእጅዎ ላይ። በየመሀሉም ሰላምታ የላኩልዎትን ሰዎች ስማቸውን እየጠሩ ሲያመሰግኑ አንድም ሰው አልተቆጣም። ኃላፊ ናቸው እየተባባለ ሁሉም አንገቱን ወደ ቀኝ አጣሞ አየ። እኔም ከጎንዎ ሆኜ ክንድዎ እንዳይደክም የወንበሬን መደገፊያ ለቀቅሁልዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ እኔ።

ይህኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ፤ ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ማሳጠር አይሆንለትም።

ወይዘሮ በቀለች የገቡት ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ነው። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አቆይቷቸው ነው ያረፈዱት። በጨለማው ውስጥ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ከኋላ ዳር ላይ ቢቆሙ፣ በአጠገባቸው የነበሩት ወጣቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ብድግ ብለው ኖር አሏቸው። እሳቸውም በእግዚአብሔር ብለው ከተለቀቁላቸው ወንበሮች በአንዱ ተቀመጡ። የሌላ አገር ሰው ቢኖር፣ ሲኒማ ውስጥ ተነስቶ የሰው ዓይን መጋረድ ምን የሚሉት ነው ይል ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን እናት ቆማ ወጣት ከተቀመጠ የሚታየው ነገር ሁሉ ከፊልሙ የከፋ ነው። ስለዚህ ከኋላቸው የነበሩት ጥቂት ጊዜ የሰው ጀርባ አዩ፤ ማንም አላጉረመረመም። እኔ ይህን ኋላ ሰማሁ እንጂ ያኔስ ማን ገባ ብዬ ዞር አላልኩም።

የእኔ ስልክ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። የደወሉት ከእንጅባራ አማቴ ሐጂ አብዱልሀፊዝ ናቸው፤ ለጉዳይ ሳይሆን ለሰላምታ። አማት ሲደውል አለማንሳት ምን እንደሚባል ለእርስዎ አልነግርም፤ አንስቶ ኋላ ልደውል ማለት ደግሞ ከአለማንሳትም ይብሳል። አነሳሁ። ሐጂ ሰላምታ ሲጀምሩ ከልጃቸው ከአፊያ ይነሱና በልጆቹ፣ በመደብሩ፣ በጎረቤቱ፣ በላሚቱ፣ በዝናቡ በኩል ዞረው ነው የሚመለሱት። ጆሯቸው ደክሟል፣ የአዳራሽዎ ኔትወርክም ይቆራረጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን አልሐምዱሊላህ ደጋግሜ በጩኸት መመለስ ነበረብኝ። መጀመሪያ ከኋላ ያሉት ልጆች አብረውኝ አልሐምዱሊላህ እያሉ ሳቁ። ከዚያ እሽሽ አሉ። ከዚያ፣ ማነው እሱ፣ አውጡት የሚል ድምፅ መጣ። ፊቴ እሳት መሰለ። ስልኩን ግን አልዘጋሁትም።

ይሄነው ሸራው ላይ የወጣው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ጎህ ሳይቀድ ፈረሱን ጋሪው ላይ የሚጠምድበት ክፍል ነበርና ምስሉ ጨለምለም ያለ ነው፤ ረጅም ሰው እንደቆመ ይታያል እንጂ ፊቱ አይለይም። ወይዘሮ በቀለች ዓይናቸው ደክሟል። ግን እናት ልጇን በአቋቋሙም ታውቀዋለች፤ አወቁት። ጨለማ ውስጥ የቆመ ሰው ፊቱ ሲፈለግ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያውቁታል፤ ደጅ የመጣ እንግዳ ፊቱ እንዲታይ መብራት ከፍ ይደረጋል። ከጉያቸው ትንሿን ባለቁልፍ ስልካቸውን አወጡ፣ ባትሪዋን አበሩ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ልጃቸው ፊት ያዙለት። ሸራ ላይ ብርሃን ሲያርፍበት ምስሉ እንደሚጠፋ ማን ነግሯቸው? እሳቸው ልየው ብለው እጃቸውን ባስጠጉ ቁጥር ልጁ እየደበዘዘ ሄደ።

እኔ ሙእሚን ከቢር ታላቁን ሥራ የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ ሲፈልግ የነበረው እኔን ነው። ያች ብርሃን ስትበራ ግን ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የስልኩን አፍ በመዳፌ ሸፍኜ ብድግ አልኩና፣ ያን ባትሪ የሚያበራውን አስወጡልን፣ ሰው ፊልም ይይበት እንጂ ብዬ ጮህኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። አዳራሹም አጨበጨበልኝ። ቁጭ አልኩና መዳፌን አንስቼ ለአማቴ ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ መሆኑን ነገርኳቸው።

እርስዎ ስልክዎን ከፍ አድርገው እንደያዙ በሌላው እጅዎ ለዘበኛው ለፀጋው ምልክት ሰጡት። በፀጋው አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ሲገቡ ኖር የተባሉትን እናት ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው። እሳቸው እየወጡ፣ ልጄን፣ ልጄን ይሉ ነበር፤ በአዊኛ። እኔ የገበያ አዊኛ አውቃለሁ። ለአፊያ፣ ዘበኛውን ልጄ እያሉት መስሎኝ ነው ብዬ ነግሬያታለሁ። እሷ አላመነችኝም፤ እኔም ራሴን አላመንኩትም።

እሳቸው ከወጡ በኋላ፣ ክቡር ሆይ፣ ሸራው ላይ ጎህ ቀደደ። ያ ጨለማ ክፍል ለካ ለዚያ ነበር እንዲያ የተቀረጸው። ብርሃኑ ከፈረሱ ጀርባ ቀስ እያለ መጣ፣ ይሄነውም ልጓሙን እንደያዘ ወደ እኛ ዞረና ሳቀ። በቁመቱ ልክ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ። አዳራሹ በሙሉ አብሮት ሳቀ። እናቱ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሳቃችንን ይሰሙ ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ሥርዓት በማስከበር ለተባበሩን ለክቡር እንግዳችን ለአቶ ሙእሚን ብለው ስላስጨበጨቡልኝ የከበረ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ተነስቼ እጅ ነሥቻለሁ። ስወጣ ወይዘሮ በቀለችን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ የምሥራች አጠገባቸው ተንበርክካ፣ የይሄነው እናት፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ማሳያ ማሽኑ ዘንድ ሆኜ ሲያስወጡዎት አላየሁም እያለች ታለቅሳለች። ማን እንደሆኑ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቆሜ አንዲት ቃል መናገር ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ እሺ፣ እሺ እያልኩ ባጠገባቸው አለፍኩ። ስልኩ ዝግ ነበር፤ ከወዲያ በኩል ማንም አልነበረም።

አራተኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ።

በማግሥቱ በአዳራሹ በር ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ፣ ባትሪ ያለው ባለቁልፍ ስልክ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል። እንዴት ያለ ብልህነት ነው! የእርስዎና የእኔ ስልክ ቁልፍ ስለሌለው በሰላም እንገባለን፤ ከገጠር የመጣ ሰው ግን ስልኩን ለፀጋው አስረክቦ ይገባል። ነገር ግን ስለ ወይዘሮ በቀለች ስልክ ያላወቁትን ላሳውቅዎ። ስልኳን የገዛላቸው ይሄነው ነው። አረንጓዴዋን ተጭነው እንዲያነሱ፣ በላይኛዋ ባትሪውን እንዲያበሩ አስተምሯቸው ነበር፤ የሚደውልላቸውም እሱ ብቻ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ስልኳ ጮኻ አታውቅም። እንግዲህ በዚያን ቀን በዚያ ሁሉ ስልክ መሀል ማንንም ልትረብሽ የማትችል ስልክ ብትኖር እሷ ብቻ ነበረች፤ እኛም መርጠን እሷን አስወጣን።

አምስተኛ፣ ስለ ጊዜዎ።

ፊልሙ አንዴ ብቻ እንዲደገምላቸው ልለምንዎ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ስልክ ላይ ስለነበሩ በጣትዎ አንድ ጊዜ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ስልክ ሲመጣ የመጀመሪያውን ሳይዘጉ አነሱት። እኔም በመሀከል ባገኘሁት ቀዳዳ ነገሩን አስረዳሁ። እርስዎም ስልኩን በትከሻዎ ይዘው፣ አዳራሹ ለአንድ ሰው አይከፈትም፣ ማመልከቻ ይጻፉ፣ ደግሞስ ያቺ ባትሪ ያበራችው ሴትዮ አይደለችም ወይ አሉኝ። አዎን፣ ናቸው። ይኸው ማመልከቻውን ጽፌያለሁ፤ ዳንግላም እያነበበው ነው።

እንግዲህ ቁጥሩን እዚህ ላይ ላቁምና ያደረግሁትን ልንገርዎ። ከቢሮዎ ወጥቼ ሁለት ሽማግሌዎች ለምኜ አዘና ሄድኩ። በአገራችን ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ሽማግሌዎቹ፣ ይህ እኮ ደም አይደለም፣ በቃል ይበቃል ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ከአጥራቸው ሥር ድንጋይ አንስቼ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ደጃቸው ቆምኩ። ወይዘሮ በቀለች ብቅ ብለው ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ምነው ልጄ፣ ማንን ገደልክ አሉኝ። ስልኩ የእኔ እንደነበረ፣ አስወጡልን ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ፣ ደረጃው ላይ አይቻቸው ዝግ ስልክ እያወራሁ እንዳለፍኩ ሁሉን ነገርኳቸው። ለቅሶ አለመድረሴንም ጨመርኩበት።

ቢሰድቡኝ ኖሮ ቀሎኝ እመለስ ነበር፤ የሄድኩትም ለስድብ ተዘጋጅቼ ነው። እሳቸው ግን ድንጋዩን አስወረዱኝና ሥጋቸውን እንደማልበላ አስበው እርጎ ቀዱልኝ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? አንተ ምን አጠፋህ፣ ሰው ጠርቶህ ነው ያናገርከው፤ ሰው ጠርቶ ዝም አይባልም፤ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ባትሪ አብርቼ የሰው ፊልም ያበላሸሁ አሉኝ። ለዚያ ለኃላፊው ሰውዬም ይቅር በሉኝ ብላለች በልልኝ ብለው አደራ ሰጡኝ። እኔም እርጎውን አንዴ ቀምሼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

አደራ ነውና አደርሳለሁ። ክቡር አቶ ዓባይነህ ሆይ፣ ልጃቸውን እንዳያዩ ያስወጧቸው እናት፣ ወይዘሮ በቀለች፣ አስቸግሬዎታለሁና ይቅር ይበሉኝ ብለውዎታል። እኔ ይህን ይቅርታ ተሸክሜ ከአዘና ዳንግላ ስመለስ ከድንጋዩ ይልቅ ከብዶኛል። እርስዎ ተቀብለው የት እንደሚያኖሩት አላውቅም።

የምለምንዎ ጥቂት ነገር ነው። በአንድ እሑድ ከሰዓት ያ ፊልም ይደገም። የምሥራችና ጓደኞቿ ይዘው ለመምጣት ዝግጁ ናቸው፤ ከተመረቁ ግን ወደየአገራቸው ይበተናሉና ነገ ዛሬ አይባል። መደብሬ ግድግዳ ላይ አንሶላ ሰቅዬ ላሳያቸው እችል ነበር። ግን በሰው ፊት በክንዱ ተይዞ የወጣ ሰው ክብሩ የሚመለሰው በሰው ፊት በዚያው በር ሲገባ ነው። ስልኬን በር ላይ ለፀጋው አስረክባለሁ። መድረክ ላይ ወጥቼም የጮኸው ስልክ የእኔ እንደነበረ እናገራለሁ፤ እርስዎ ስለ ራስዎ የሚናገሩት ነገር ቢኖር ማይክሮፎኑን ለመያዝ ዝግጁ ነኝ። ጨለማው ክፍል ሲመጣ አጠገባቸው ሆኜ፣ ባትሪዋ ትቆይ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ አሁን ይነጋል እላቸዋለሁ። ሌላ የምለምነው የለኝም።

አንቺም ሌባ እኔም ሌባ፣ ምን ያጣላናል በሰው ገለባ ይባላልና፣ ከእርስዎ ጋር ለመጣላት እንዳልጻፍኩ ይወቁልኝ። እርስዎ ኃላፊ ነዎት፣ እኔ የክብር እንግዳ ነኝ፤ በአንድ ረድፍ የተቀመጥን ጥፋተኞች ነን። ልዩነታችን እኔን እንቅልፍ መንሳቱ ብቻ ነው።

ቆርቆሮዎ እንዳያፈስ፣ ካርድዎ እንዳያልቅ፣ ኔትወርክዎ እንዳይጠፋ፣ ተከታዮችዎም ሰላምታ ከመላክ እንዳይቦዝኑ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለክንድዎ ቦታ በለቀቀ ትከሻዬና ጆሮዎን ሲጠብቅ በዋለ ጉልበቴ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሙእሚን ከቢር
የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ የቀድሞ የክብር እንግዳ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ ለአፊያ፣ አሁንስ አመንሽኝ ለማለት፤
ለአማቴ ለሐጂ አብዱልሀፊዝ፣ እሑድ ከሰዓት ባይደወልልኝም ሰላም መሆኔን በታላቅ ትሕትና ለማሳወቅ፤
ለዘበኛው ለፀጋው፣ በሩን ሲከፍት ለማን እንደሚከፍት እንዲያውቅ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፊልሙን በስልክዎ ለምን አያሳዩዋቸውም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሞክሬዋለሁ። አዘና በሄድኩ ቀን የምሥራች ያችን ክፍል ስልኬ ላይ ጭናልኝ ነበር። ወይዘሮ በቀለች ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉትና፣ ምነው ልጄን እንዲህ አሳነሱት አሉ። ቢሆንም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁ። ጨለማው አለፈ፣ ጎህ ቀደደ፣ ይሄነው ፊቱን ወደ እናቱ ማዞር ጀመረ። ሊስቅ ከንፈሩ ሲከፈት ስልኬ ጮኸ። ፊቱ ጠፋና በእሱ ቦታ የደዋዩ ስም ወጣ። የደወሉት እርስዎ ነበሩ።

ወይዘሮ በቀለች ስልኩን ቶሎ ብለው መለሱልኝ፤ አንሳው እንጂ ልጄ፣ ሰው እየጠራህ ነው አሉኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራኝን ሰው ዝም አልኩት። እሳቸውም ሥራ አስፈታሁህ ብለው ድጋሚ ለማየት እምቢ አሉ። በኋላ በላኩልኝ መልእክት፣ ለሚመጣው እሑድ ዝግጅት የክብር ወንበሬ እንደተያዘልኝ ገልጸው፣ ስልክ ለምን እንደማላነሳ ጠይቀውኛል። ያላነሳሁበት ምክንያት ከላይ ተጽፏል። ወንበሩን ግን በምስጋና ተቀብያለሁ፤ የሚቀመጡበት ወይዘሮ በቀለች ናቸው። እሳቸው ሲገቡ ስልክዎ ጆሮዎ ላይ ቢሆንም እንኳ ብድግ ይበሉና ኖር ይበሏቸው።